ጠፍጣፋው ያላወቀው ጣት

ቅዳሜ፣ መጋቢት 6
ከሰዓት በኋላ፣ ከማድቤቱ ጠረጴዛ

ለሆዴ፣ ለልጄ፣

ደብዳቤሽ ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ ደረሰኝ። «ደህና ነኝ» የምትለዋን መስመር ሁለቴ ሰርዘሽ ስለጻፍሻት ደህንነትሽን ተጠራጥሬያለሁ። ደህና ሰው እንደዚያ አይሰርዝም። ልብስ ደርቢ፣ ምሳሽን ቆመሽ አትብዪ፤ ይኸው ነው ምክሬ፣ ሌላውን ታውቂዋለሽ።

«በስልክ ለምን አትነግሪኝም?» ብለሻል። ስልኩ የት እንዳለ ረሳሽው እንዴ? አባትሽ ከሚቀመጥበት ወንበር ክንድ አይርቅም። አንቺ ስትደውዪ እሱ ወደ መስኮቱ ዞሮ ውጭ ያለውን መኪና የሚቆጥር ይመስላል እንጂ ጆሮው እኛ ጋ ነው። እኔ እዚያ ቆሜ «እሺ፣ እሺ፣ ደህና ነን» ከማለት ሌላ ምን ይወጣኛል? ለዚህ ነው ወረቀት የያዝኩት። ጽሕፈቴ ዳገት እንደሚወጣ በሬ ያዘግማል፣ ቢሆንም ይደርሳል።

ደብዳቤሽ ሁለት ነገር ይጠይቃል። አንቺ ከልጅነትሽም ትልቁን ጥያቄ ከትንሹ ሥር ሸጉጠሽ ነው የምታመጪው። «እማ፣ ደብተሬ አለቀ» ትዪና እኔ ደብተር ፍለጋ ስነሳ ከኋላዬ «የጎረቤትን መስኮትም ሰብሬያለሁ» ትያለሽ። አሁንም ያው ነሽ። ከላይ በትልልቁ፣ የመሥሪያ ቤትሽ አለቆች ሠራተኛው ሁሉ የሚያውቃቸውን አንባቢዎች እየጠየቀ እናንተ በምትሠሩት የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ማንበቢያ ላይ ምን እንዲሻሻል እንደሚፈልጉ ይዞ እንዲመጣ አዘዋል። ከታች ደግሞ ወረቀቱ ሊያልቅ ሲል በጥቃቅኑ፦ «የዓመት ፈቃድ ሰጥተውኛል። ትኬቱን እስከ ወሩ መጨረሻ መቁረጥ አለብኝ። ብመጣ አባዬ ፊቱን ያዞርብኛል?»

ሁለቱንም እመልሳለሁ። ግን ለየብቻ አይሆንም፤ እኔ ጋ ሲደርሱ ተጠላልፈውብኛል።

የምሠራበትን ክፍል አታውቂውም፣ የገባሁት ከሄድሽ በኋላ ነው። ሆስፒታሉ ምድር ቤት፣ ከልብስ ማጠቢያው ቀጥሎ ነው። ስድስት ሴቶች ነን። የተቀደደ አንሶላ፣ ማሰሪያው የተበጠሰ የበሽተኛ ጋውን፣ ስፌቱ የለቀቀ የትራስ ልብስ ይመጣልናል፣ ጠግነን እንመልሳለን። ከግድግዳው ወዲያ ማሽኖቹ ቀኑን ሙሉ ያጓራሉ። እኛ ጋ አንድ ደንብ አለ፤ በየቀኑ አንዷ ጮክ ብላ ታነባለች፣ አምስቱ ይሰፋሉ። የአንባቢዋን ድርሻ አምስቱ ይካፈሉታል። ስለዚህ ተራሽ ሲደርስ ቀልድ የለም። ሰው ያንቺን አንሶላ እየሰፋልሽ መንተባተብ ነውር ነው። እኔ ከስድስተኛ ክፍል ያላለፍኩት ሴትዮ እዚያ ቤት ማንበብ እንደ አዲስ ተማርኩ ብልሽ አትሳቂ።

ድሮ በወረቀት መጽሐፍ ነበር። ወፍራም ልብ ወለድ ሲገጥመን አባትሽ ስፌቱን ይፈታና አምስት ስስ ጥራዝ ያደርግልን ነበር፣ ለእያንዳንዱም የካርቶን ልባስ። አንዷ ክፍል ሁለትን፣ አንዷ ክፍል ሦስትን ቤቷ ትወስዳለች። ይሄ ሁሉ እጁ ሳይያዝ ነው።

ስለ እጁ አንድ ነገር ልናዘዝ። ስትሮኩ ሲመታው «ቀኝ እጁ ትንሽ ደከም ብሏል» ብዬሽ ነበር። ትንሽ አይደለም። ዘጠኝ ወሩ ነው፣ ማንኪያም አያነሳም። መጠረዣ ቤቱን ዘግተነዋል፤ ቁልፉ እኔ ጋ ነው። ፊዚዮቴራፒስቷ «ተስፋ አለ» ትላለች፣ ስትል ግን እኔን ሳይሆን ግድግዳውን ታያለች። ያልነገርኩሽ ጨክኜ አይደለም። እሱ «ንገሪያት» አላለኝም፤ እኔም አንቺ በድንጋጤ ተነስተሽ መጥተሽ ደጃፍ ላይ የምትሆኚውን ሳስበው ፈራሁ።

ጠፍጣፋው የደረሰን ያን ሰሞን ነው። (ማንበቢያ የሚለው ቃል ለአፋችን አይመችም፤ ክፍላችን ውስጥ ስሙ ጠፍጣፋው ነው።) «ለሁለታችሁ» ብለሽ ነው የላክሽው። ከሳጥኑ ሳወጣው አባትሽ አይቶ እንዳላየ ሆነ። እኔ ሻይ ልጥድ ስገባ ግን በበሩ ስንጥቅ አየሁት፤ በግራ እጁ ጣት ነካው። አልተንቀሳቀሰም። ደገመው። ጠበቅ አድርጎ ጫነው። አርባ ዓመት ሙጫና ወስፌ ያደረቀው ጣት ነው፣ እንደ አሮጌ ቆዳ ሆኗል፤ መስታወቱ ጭራሽ አልሰማውም። እኔ ስመለስ ገፋ አደረገውና፣

«የልጅሽ መሣሪያ አያውቀኝም» አለ።

ከዚያ ወዲያ ስሙን «ሳህኑ» አለው። «ሳህኑን አንሺልኝ።» «ሳህኑ ላይ እንዳትቀመጪ።» ንክችም አላደረገው፤ ወይም እንደዚያ መስሎኝ ነበር።

እሺ፣ ዝርዝሩን እንጀምር። ደብዳቤሽን በማግስቱ ረቡዕ ለሴቶቹ አነበብኩላቸው። የታችኛውን ጥቃቅን አይደለም፣ የላይኛውን ብቻ። ክፍሉ ገበያ ሆነ።

አለቃችን ኮሎኔሏ (መቀስ እንኳ በሰልፍ የምታስቀምጥ ስለሆነች ነው ስሙ) «መጀመሪያ የኔን ጻፊ» አለች። «ስልሳ ሦስት በመቶ ምን ማለት ነው? እኔ በመቶኛ አልቅሼ አላውቅም። መጽሐፍ ሊያልቅ ሲል እጄ ያውቀዋል። ግራው ሲወፍር ቀኙ ሲሳሳ እሰስታለሁ፣ ቀስ እላለሁ። ይሄ ግን ሁሌ አንድ ውፍረት ነው። ድንገት ‘አለቀ’ ይለኛል፣ እንደ አውቶቡስ ረዳት ‘ውረጂ’።»

«እኔ ደግሞ ሰው ይጠፋብኛል» አለች ሬዲዮ። ይህቺ መዝጊያ የሌላት ናት። «ምዕራፍ ሃያ ላይ አንድ አጎት ዘው ይላል። የማን አጎት ነው? በወረቀት ቢሆን አንድ ጣቴን እዚህ ሰክቼ ወደ ኋላ ገልጬ አየው ነበር። እዚህ ወደ ኋላ ስሄድ የነበርኩበት ይጠፋል። ፈልጌ ስመለስ አጎቱ ሞቷል።»

«አንቺ የራስሽንም አጎቶች አታውቂያቸውም» አለች ኮሎኔሏ።

«የኔዎቹ ምዕራፍ የላቸዋ እቴ!»

ፊደሉንም ጻፊ አሉኝ። የኛ ፊደል እዚያ ላይ ሲወጣ ከስቷል፣ ሳምንት ያልቀመሰ ይመስላል። ለኮሎኔሏ ዓይን ብለን ስናሳድገው ደግሞ አንድ መስመር ላይ ሦስት ቃል ብቻ ይቀመጥና ገጽ ስንገልጥ እንውላለን። አንዳንዱ መጽሐፍ ላይማ ፊደሉ ጨርሶ ጠፍቶ ባዶ ሳጥን በባዶ ሳጥን ይደረደራል። ሬዲዮ አንድ ቀን ተራዋ ደርሶ ከፈተችውና «እንግዲህ መስኮት፣ መስኮት፣ መስኮት፣ ነጠላ ሰረዝ፣ መስኮት» ብላ አነበበችልን።

ገጽ ሲገለጥ ጥቁር ብሎ ብልጭ ማለቱስ ምንድን ነው? ኮሎኔሏ «ማንን ነው የሚጠቅሰው?» ትላለች። ስንሰፋ ጣታችን ላይ የምናጠልቃትን የብረት ቆብም አይወድም፤ በየገጹ ማውለቅ ነው። ከእጥበቱ የመጣ እርጥብ እጅ ሲነካው ደግሞ ያብድና አራት ገጽ ይዘላል።

ማዋስስ? አንዱን መጽሐፍ ገዝተሽ ላክሽልን፤ ሬዲዮ ቤቷ ልታነበው ብትፈልግ ጠፍጣፋውን እንዳለ ካልሰጠኋት አይሆንም። ያልተማረው አባትሽ አንዱን መጽሐፍ ለአምስት ሲያካፍል ነበር፣ እናንተ ሕንፃ ሙሉ ምሁር ተቀምጣችሁ ለሁለት ማካፈል አቃታችሁ? (ይሄንን ስታቀርቢ ለስለስ አድርጊው።)

ለፍትሕ ያህል ምስጋናም አለን። አይከብድም፤ ሃያ መጽሐፍ ይዤ አውቶቡስ ውስጥ በአንድ እጄ እቆማለሁ። ባትሪው ከኔ ይበልጥ ይቆያል። ይሄንንም ጻፊላቸው፣ ሰው ወቀሳ ብቻ ሲሰማ ጆሮው ይዘጋል።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ።

ከሁለት ወር በፊት የምናነበው ልብ ወለድ ስለ አንድ መሐንዲስ ነበር። አንድ ቀን መሐንዲሱ ለሠርጉ ጫማ ሊገዛ ከቤት ሲወጣ አቆምን። በማግስቱ ተራዬ ነበር። ጠፍጣፋውን ከፍቼ ጉሮሮዬን ጠራርጌ ማንበብ ጀመርኩ፤ ሴትየዋ መቃብሩ ላይ ያለውን አበባ ውሃ ታጠጣለች።

«ማን ሞተ?» አለች ሬዲዮ መርፌዋን እንዳንጠለጠለች።

«ቆይ እስኪ… መሐንዲሱ ነው መሰለኝ።»

«ትናንት ጫማ ሊገዛ ሄደ አላልሽንም? ጫማው ነው የገደለው?»

ኮሎኔሏ መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ አወረደች። «አንቺ ሴትዮ፣ ቤትሽ ወስደሽ ቀድመሽ አንብበሻል።»

ልጄ፣ እኛ ክፍል ውስጥ ከዚህ የከፋ ወንጀል የለም። ቀድማ ያነበበች ሴት ስታነብልሽ ድምፅዋ ያስታውቃል፤ የሚሞተውን ሰው ገና በሕይወት ሳለ በሐዘን ትጠራዋለች። ቅጣቱ የአሥር ጋውን ማሰሪያ ነው፣ ከድርሻሽ ሌላ። ማልኩ፣ ተገዘትኩ፣ ማን ይስማኝ? «ታዲያ ራሱን ገለጠ?» አሉኝ። ሰፋሁ። በሳምንቱ እንደገና! ይሄኔ አንቺን ሰደብኩ፣ ይቅር በይኝ፤ «ልጄ ያን ያህል ተምራ የሠራችው ራሱን የሚገልጥ መጽሐፍ ነው» አልኩ። ሌላ አሥር ጋውን።

እኔ ከሥራ ዘጠኝ ሰዓት እወጣለሁ። ጠፍጣፋውን መስኮቱ ሥር አስቀምጬ ገበያ እወርዳለሁ፣ አንድ ሰዓት ተኩል እቆያለሁ። አንድ ሐሙስ መንገድ ላይ ዘንቢሌን መርሳቴ ትዝ አለኝና ተመለስኩ። በሩን ገርበብ አድርጌው ነበር፤ ገፋ ሳደርገው ድምፅ አልሰጠም።

አባትሽ ጠፍጣፋውን ጉልበቱ ላይ አቁሞ በግራ እጁ ደግፎታል። ያነባል፣ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ከዚያ ጎንበስ አለና መስታወቱን በአፍንጫው ጫፍ ነካው። ገጹ ተገለጠ። ቀና ብሎ ቀጠለ። ትንሽ ቆይቶ እንደገና ጎንበስ፣ ነካ፣ ቀና። ጥሬ የምትለቅም ዶሮ በይው። መጀመሪያ ሳቄ መጣ፣ አፌን በነጠላዬ ያዝኩ። ሁለተኛው ገጽ ላይ ሳቁ ጠፋ። ያ ሰው፣ ሚኒስትር መጥቶ ቢያስቸኩለው «ሙጫው ሳይደርቅ አልሰጥም» የሚለው ሰው፣ ልጁ በሠራችው ነገር ፊት አሥሬ አንገቱን እየደፋ ያነባል።

አልገባሁም። ደረጃውን ቀስ ብዬ ወርጄ እንደ ወታደር እየረገጥኩ ተመልሼ ወጣሁ፣ አሳልኩም። ስገባ ወደ መስኮቱ ዞሮ መኪና ይቆጥራል።

«ምነው ተመለስሽ?»

«ዘንቢሌን ረስቼ።»

«እግረ መንገድሽን ሳህኑን አንሺልኝ፣ እግሬን ከለከለኝ።»

አነሳሁለት። የአፍንጫው ጫፍ ቀልቷል።

ለሴቶቹ አልተናገርኩም። አባትሽን ታውቂዋለሽ፣ ታየሁ ካለ ዳግመኛ አይነካውም። በሚቀጥለው ሳምንት ገጹ ሲዘል ዝም ብዬ ቅጣቴን ተቀበልኩ። ሠላሳ ጋውን፣ ልጄ! ሠላሳ ጋውን ለአባትሽ አፍንጫ ሰፍቻለሁ። ማታ ራት ላይ ግን ለራሴ እንደማወራ ሆኜ «ይሄ ሳህን ገጽ እየዘለለ አስቀጣኝ፣ ጣቴ ቆሰለ» አልኩ። በማግስቱ ስከፍተው ያቆምኩበት ገጽ ላይ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁሌም ያቆምኩበት ገጽ ላይ ነው። እሱ ግን ማንበቡን አልተወም፤ አፍንጫው ይመሰክራል። ገባሽ? ያነብና፣ እኔ ከመምጣቴ በፊት አርባም ይሁን ሃምሳ ገጽ ወደ ኋላ እየነካ ወደ እኔ ቦታ ይመልሰዋል። በማግስቱ ደግሞ ወደ ራሱ ቦታ። አንድ በአንድ፣ በአፍንጫ።

ስለዚህ አለቆችሽ ፊት ስትቆሚ ይሄንን አስቀድሚ፦ አንድ ቤት ውስጥ ሁለት አንባቢ ሊኖር ይችላል። ጠፍጣፋው የሁለቱንም ቦታ ለየብቻ ይያዝላቸው።

ባለፈው እሑድ ይሄን ዝርዝር ልጽፍ እዚሁ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጥኩ፣ በሩን ከፍቼ። ልማዴ ነው፣ ስጽፍ ቃሉን ጮክ እላለሁ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ያን ቀን ከልማዴም በላይ ጮህኩ። «ፊደሉ ይወፍር። ማዋስ ይቻል። የሁለት ሰው ቦታ ይያዝ…»

ከወዲያ ክፍል የአባትሽ ድምፅ መጣ፦

«ቁልፍም በያቸው።»

እስክሪብቶዬ ቆመ። «የምን ቁልፍ?»

«የሚጫኑት ነዋ! ቂጭ የሚል። መስታወቱ ሁሉንም ጣት አይሰማም። እጁ የደረቀ ሰው አለ። አንድ እጅ ብቻ ያለው ሰው አለ።» ቶሎ ብሎም፣ «በዓለም ላይ ማለቴ ነው» አለ።

«በዓለም ላይ» ብዬ ጻፍኩ።

«በሁለቱም ጎን ይሁን። ግራም እጅ ነው። ደግሞ ኅዳጉስ? አውራ ጣት የት ይረፍ? እኔ የገጹን ዳር ኅዳግ ብዬ ባዶ ስተው ለዓይን ውበት መስሎሻል? የሚይዘው ሰው አውራ ጣት እንዲያርፍበት እኮ ነው። ይሄ ጠርዙ እንደ ምላጭ ስስ ነው። የሠራው ሰው ተኝቶ መጽሐፍ ይዞ አያውቅም።»

«የሠራችው» ልል ነበር፣ ምላሴን ነከስኩ። «ጽፌዋለሁ» አልኩ።

«በቃል አይገባቸውም። ካርቶን አምጪ።»

የመጠረዣ ቤቱን ቁልፍ ይዤ ወረድኩ። ዘጠኝ ወር ሙሉ ያልተከፈተ ቤት ሽታው ሲቀበለኝ፣ የሙጫው፣ የቆዳው… እሱን ተዪው። ወፍራም ካርቶን፣ መቁረጫ ቢላ፣ ማስመሪያ፣ ቁራጭ ቆዳ ሰብስቤ መጣሁ። ሳምንቱን ሙሉ ከሥራ ስመለስ ይጠብቀኛል። እኔ ማስመሪያውን እጫናለሁ፣ እሱ በግራ እጁ ይቆርጣል። የመጀመሪያው ተንጋደደ። ሁለተኛው ላይ ቢላውን ወረወረው፤ በቃ ተወው ብዬ ጉዴ ፈላ አልኩ። እሱ ግን «እጅሽ ይንቀጠቀጣል» ብሎ እኔን ተቆጣኝና ሦስተኛውን አስጀመረኝ። ሲቆጣኝ እንዴት ደስ አለኝ መሰለሽ! ከታመመ ጀምሮ ቁጣም አልነበረውም። የተሳካው አምስተኛው ነው።

እየሠራን ሳለ ሐሙስ ዕለት ድንገት «እኔ የሰፋሁትን ልትተረትሪ ነው የምትሄጂው አልኳት» አለ፣ ማንንም ሳያይ። አራት ዓመት ሙሉ ያቺን የሄድሽባትን ቀን አንስቷት አያውቅም። እኔም አንቺ መልሰሽ ያልሽውን አልረሳሁም፣ «ያንተን ጥራዝ ዛሬ ማን ይፈልገዋል?» ነበር ያልሽው። ሁለታችሁም ጥሩ አድርጋችሁ ነው የተወጋጋችሁት፣ አንድ ወስፌ ነው የወለዳችሁ። «ማስመሪያውን ያዢ» አለኝ። ያዝኩ።

ትናንት የካርቶኑ ጠፍጣፋ አለቀ፣ ከአንድ ነገር በስተቀር። ልክ የጠፍጣፋው ቁመት ነው። ሁለቱ ጎኖቹ ወፈር ብለው ለአውራ ጣት ይመቻሉ። በየጎኑ ቁልፍ መሆኛ ቁራጭ ካርቶን ተለጥፎበታል። ጀርባው ላይ ደግሞ እጅ የሚገባበት የቆዳ ማሰሪያ አስቧል፣ ተኝቶ የሚያነብ ሰው እንዳይጥለው። ቆዳው በአንድ ጫፉ ተሰፍቷል፣ ሌላው ጫፍ ተንጠልጥሏል።

«በል ጠቅልዬ ልላክላት» አልኩ።

«በፖስታ?» አለኝ። በመስኮት ልወርውረው ያልኩት ያህል ነው የደነገጠው። «ይጨፈለቃል። ደግሞ ማሰሪያው አልተቆረጠም። የሚይዘውን ሰው እጅ ሳልለካ ቆዳ አልቆርጥም።»

«የማንን እጅ?»

«እነዚያ ሰዎች ፊት ይዛው የምትቆመው ማን ናት?»

«እንግዲያው እጇን ለክታ በደብዳቤ ትጻፍልን።»

«በደብዳቤ ለክቼ አላውቅም።» ወደ መስኮቱ ዞረ። መኪና መቁጠር ጀመረ ብዬ ልነሳ ስል፣ «እዚያ አገር ለሠራተኛ ፈቃድ አይሰጡም?» አለኝ።

ማድቤት ገብቼ ድስት ሳንኳኳ ቆየሁ።

ልጄ፣ ይኸው ነው። ፊቱን ያዞርብኛል ወይ ብለሽ ጠይቀሻል። ልዋሽሽ አልፈልግም፤ ደጃፍ ላይ ስትቆሚ ሊያዞር ይችላል። የተኮራመተውን እጁን እንዳታዪበት ነው የሚያዞረው፣ ሌላ አይምሰልሽ። ያኔ አታልቅሺበት፣ ይቅርታም አትጠይቂው፣ እሱም እንዲጠይቅሽ አትጠብቂ። ምንም አትናገሪ። ቦርሳሽን አስቀምጪና ወንበር ስበሽ ተቀመጪ፣ ከዚያ እጅሽን ዘርግተሽ ጠረጴዛው ላይ አድርጊለት። ማስመሪያውን እኔ አቀብለዋለሁ።

መንገድሽን ፈጣሪ ያቅናልሽ፤ የረገጥሽው ይለምልም፣ ያሰብሽው ይሙላልሽ፣ ክፉ ዓይን አይይሽ። ኮሎኔሏና ሬዲዮ ጉንጭሽን ስመውሻል፤ አይተውሽ ባያውቁም ዘመድ ሆነዋል።

ትኬቱን ስትቆርጪ ቀኑን በስልክ ንገሪኝ። እኔ «እሺ፣ እሺ፣ ደህና ነን» ብቻ ብልሽ እንዳትቀየሚ። አንቺ ግን ቀኑን ጮክ ብለሽ ተናገሪው፣ ከስልኩ አጠገብ እንዲሰማ።

እናትሽ